ወንዙ ዳር ዝም ያላለው ድምፄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በረመዳን ጾም፣ የበልጉ ዝናብ ደጋውን ሲያጥበው በሰነበተበት ሰሞን ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የራሴን ድምፅ ከስልክ ውስጥ ስሰማ ጆሮዬን እደፍናለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘይነብ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን አደርቃለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ እጭናለሁ። ምላሷ ረዥም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። የመናኸሪያው ሰው "ሬዲዮ" ነበር የሚለኝ።

ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሾፌሮች ናቸው። አንዱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ እንድጭንለት ጠየቀኝና ጫንኩለት። ከፍቼ ባየው አገራችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፋለች፤ ግማሹ ስም ተጣሟል፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። እዚሁ ጎረቤታችን ያለችውን ጀውሃን እንኳ ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ። ተናደድኩ። መተግበሪያው በነጻ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ ሆነው የሚሠሩት ነው። ገጹ ላይ "ማንም ሰው ማገዝ ይችላል" ይላል። እኔም ማንም ነኝ ብዬ ገባሁ።

መግባቱ ግን እንዲህ እንደማወራው ቀላል አልነበረም። ኮዱን ማውረድ ስጀምር መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ የገዛሁት ዳታ ያልቃል። መጀመሪያ የላክሁት የአማርኛ ትርጉም ተመለሰልኝ። አስተካክዬ ብልከው እንደገና ተመለሰ። ለካ መነካት የሌለባቸውን የኮድ ምልክቶች ሁሉ ወደ አማርኛ ተርጉሜያቸዋለሁ! ሥራዬን የሚያርመው የት አገር እንዳለ የማላውቀው፣ ፊቱንም አይቼ የማላውቅ ሰው ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እጽፍለታለሁ፣ ሳይሰለች ይመልስልኛል። በመጨረሻ ሥራዬ ተቀባይነት ያገኘ ቀን ሱቄ ውስጥ እልል አልኩ። ጎረቤቴ ያለችው ጫማ ሻጭ ብቅ ብላ "ምነው፣ ማን ወለደ?" አለችኝ።

ቀጥሎ ድምፅ መጣ። መተግበሪያው "ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ወደ ግራ ይታጠፉ" እያለ ነው መንገድ የሚመራው። የአማርኛ ድምፅ ግን አልነበረውም። ሾፌር መሪ ይዞ ስክሪን ላይ ካፈጠጠ ደግሞ ገደል ነው የሚገባው። እኔ እቀዳለሁ አልኩ። በወሬማ ማን ይችለኛል!

ሱቄ የባጃጅና የጥሩንባ ጩኸት ስለማያስቀዳ ቀወት ገጠር ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ባዶ ጎተራ ውስጥ ገብቼ ቀዳሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ዶሮ ያባርራል። ላለፈ ላገደመው ሁሉ "ቀስ በሉ፣ ልጄ ድምፅ እየቀዳች ነው" ይላል። ብሎ ብሎ ራሱ ሳለ። "ቀጥ ብለው ይሂዱ" ከሚለው መጨረሻ ላይ፣ ልብ ብሎ ለሰማ፣ የአባቴ ሳል አለች። እንደገና ልቀዳው አስቤ ነበር፤ ባትሪዬ አለቀና እንዲሁ ላክሁት።

ተቀርጾ ሲሰማው አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። "ለሾፌር 'ይሂዱ'፣ ለአባቷ 'ሂድ'! ወይ ዘመን!" አለ። ከዚያ ወዲህ ሾፌር ባገኘ ቁጥር "ስልክህ ልጄን ያውቃታል?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሾፌሮቹም ሱቄ ሲመጡ "አንቺ ነሻ ደብረ ሲና ላይ ስትጨቀጭቂኝ ያደርሽው!" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኮራ ነበር፣ አልዋሽም።

አሁን ስለ ወንዙ ልንገራችሁ። ከአባቴ ማሳ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው የመኪና መንገድ የወንዙ ሆድ ነው። በበጋ ውሃ የለበትም፣ ደረቅ አሸዋ ነው። ሽንኩርት የሚጭኑ አይሱዙዎች እዚያው አሸዋ ላይ ብዙ ርቀት ነድተው ነው የሚወጡት። ካርታው ላይም መንገድ ተብሎ ተሰምሯል። ማን እንዳሰመረው አላውቅም፤ አልዋሸም፣ በበጋ መንገድ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ወር አያውቅም። ደጋ መዝነቡንም አያውቅም።

የኛ ቆላ ጉዱ ይኸው ነው። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ሳይኖር፣ ላይ በአንኮበር በኩል የዘነበው ውሃ ድንገት ቁልቁል ይመጣል። ደራሽ እንለዋለን። ስለዚህ እኛ ጋ ወንዝ ሳይደመጥ አይገባም። ላይኛው ሰፈር ውሃውን ያየ ሰው "ደራሽ! ደራሽ!" ብሎ ይጮሃል። የሰማ ሁሉ ተቀብሎ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ከሱ በታች ያለውም እንዲሁ። ጩኸቱ ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል። ወንዝ የሚገባ ሰው ዳር ላይ ቆሞ፣ ወሬውን አቁሞ፣ መኪና ከሆነም ሞተር አስጠፍቶ ጆሮውን ይሰጣል። ምንም ካልተሰማ ቢስሚላህ ብሎ ይገባል።

አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ገበያ ይዞኝ ሲሄድ፣ ወንዙ ዳር ስንደርስ አፌን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ይይዘኝ ነበር። ካልያዘኝ ዝም እንደማልል ያውቃላ! መዳፉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እስኪለቀኝ ድረስ ስታገል የሚያየን ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር።

ያን ቀን ቀጠሯችን አብረን ልናፈጥር ነበር። እናቴ ሆዷን አሟት ቤት ቀርታለች። አባቴ ማሳው ላይ ሽንኩርቱን ሲያስጭን ውሎ በዚያው መኪና ወደኔ ሊመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

"ዘይኔ፣ ሾፌሩ እንግዳ ነው፤ ረዳቱም ታሞበት ብቻውን ነው። መንገድ እያሳየሁት እመጣለሁ። ሾርባውን አወፍሪው" አለኝ።

"እሺ፣ አንተ ብቻ ቶሎ ና" አልኩት። የተለያየነው በዚህ ቃል ነው።

ሾርባውን ሠራሁ፣ ሳምቡሳውን ጠበስኩ፣ ቴምሩን በሳህን አወጣሁ። መግሪብ አዛን አለ፤ አባቴ የለም። ደወልኩ። አንዲት ሴት "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" አለችኝ። መልሼ ደወልኩ፤ ያችው ሴት ናት። በዚያ ረጋ ባለ ድምፅዋ እንዴት እንደተናደድኩ! "ዝም በይ አንቺ!" ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩባት። ቴምሩን ከአፌ አውጥቼ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ከዚያ የአጎቴ ልጅ ደወለ። "ዘይነብ፣ ደራሽ መጥቷል። የሽንኩርት መኪና ወስዷል እያሉ ነው" አለኝ። ባጃጅ ይዤ እየጮህኩ ሄድኩ።

ያየሁትን አላረዝመውም። ወንዙ ያገሳል። ሰው ዳር ለዳር ባትሪ ይዞ ይሯሯጣል። ቀዩ ሽንኩርት በየቁጥቋጦው ሥር ተበትኗል። ሾፌሩን ሾላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው አግኝተዋቸው ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። አባቴ ግን የለም። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ሲጎድል ከታች አሸዋ ውስጥ አገኙት። ከአሸዋው በላይ የሚታየው አንድ እጁ ብቻ ነበር። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዙሁር ሰግደን ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው። ላይኛው ሰፈር ያሉት እትዬ ፋጡማ ደራሹን አይተው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። የታቹ ሰፈር ተቀብሏል። ወንዝ ውስጥ ከብት የሚያጠጡት ሁሉ ሰምተው ወጥተዋል። "ታዲያ ጋሽ እንድሪስ እንዴት አልሰሙም?" ይላሉ። "እሳቸውማ ሳያዳምጡ አይገቡም!" የአባቴ ጆሮ ደህና ነበር። ሳያዳምጥ ገብቶም አያውቅም። እኔም ሌሊቱን ሙሉ የሚያብሰለስለኝ ይኸው ነበር።

ለቅሶው ሳይነሳ ሾፌሩ መጡ። ጋሽ ጌትነት ይባላሉ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ አንገታቸውን ደፍተው ድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። ጾም ስለነበር የሚበላም የሚጠጣም አይዞርም። እናቴ ግን "ሰውየው ክርስቲያን ነው፣ ሕመምተኛም ነው፤ ውሃ ውሰጂለት" አለችኝ። ቀድቼ ሄድኩ።

"እንኳን ነፍስዎን አተረፈልዎ። ውሃ ይጠጡ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺ ነሽ" አሉ። "ስልኬ ውስጥ ያለሽው ልጃቸው አንቺ ነሽ።"

በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እናቴም ተነሥታ መጣች። ጋሽ ጌትነት ለኔም ለሷም የሆነውን ነገሩን። እንደነገሩን አድርጌ እጽፈዋለሁ።

"ወንዙ ዳር ስንደርስ አባትሽ 'ቁም፣ ሞተር አጥፋ' አሉኝ። አጠፋሁ። 'አሁን ዝም በል፣ እናዳምጥ' ብለው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዝም አልን። ያኔ ስልኬ 'ቀጥ ብለው ይሂዱ' አለ። የአይሱዙ ሞተር ስለሚጮህ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ደጋግሞ እንዲናገርም አዝዤው ነበር። ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። 'ተዋት! ልጄ እኮ ናት!' አሉኝ። ጎተራ ውስጥ ገብተሽ እንዴት እንደቀዳሽ፣ እሳቸው ዶሮ እንዴት እንዳባረሩ ነገሩኝ። 'ቆይ፣ ስትደግመው ሳሌን ትሰማታለህ' አሉ። ጠበቅን። ደገምሽው። ሳሉ ተሰማ። እሳቸው ሲስቁ እኔም ሳቄ መጣ። እንደገና ጠበቅን፣ እንደገና ሳቅን። ከዚያ 'በል ቢስሚላህ፣ ልጄ ሂድ ብላሃለች፣ ሂድ' አሉኝ።"

ጋሽ ጌትነት እንባቸውን ጠርገው ቀጠሉ።

"መሐል ስንደርስ ነው የመጣብን። መኪናው ሲያጋድል በመስኮቱ ገፍተው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ምነው እኔን በወሰደኝ" አሉ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ሰው ሲታለል የሚነገር ተረት ነበር የሚመስለኝ። ልጅ ሆኜ ወንዙ ዳር አፌን ግጥም አድርጎ ይይዝ የነበረው አባቴ፣ ያን ቀን አፌን አልያዘውም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

እናቴ ጋሽ ጌትነትን "ቀደር ነው ወንድሜ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። አንተም አታልቅስ" አለቻቸው። ለኔ ደግሞ ማታ ብቻችንን ስንሆን "የልጁን ድምፅ እየሰማ ሄደ። ይህን ያላገኘ ስንት አለ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ ይገባኛል። ሆዴ ግን እምቢ አለ። ድምፄን ባይሰማ ኖሮ የእትዬ ፋጡማን ይሰማ ነበር። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ሱቄን ስከፍት ባሰብኝ። ሾፌር ገና ወደ ሱቄ ሊገባ ሲል ከኪሱ ውስጥ እኔ እናገራለሁ። አንድ ቀን "ቀጥ ብለው ይሂዱ" ሲል ሳሏ ተከትላ ተሰማች። ሰውየውን "ውጣልኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ምን አደረገ እሱ? ምስኪን ደንግጦ ቻርጀሩን ትቶ ወጣ።

ያን ዕለት ለዚያ ሥራዬን ለሚያርመው ሰው ጻፍኩለት። ድምፄን ከመተግበሪያው ውስጥ አውጡልኝ፣ አባቴን ገድሎብኛል አልኩት። በማግሥቱ መለሰልኝ። ሐዘኔን እንደሚካፈል ጻፈ። ድምፁ የኔ ስለሆነ ከፈለግሁ ዛሬውኑ እንደሚያወጣው ነገረኝ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለ፦ ያንቺን ብናወጣ ሌሎቹ ቋንቋዎች ሌላ ወንዝ ዳር ማውራታቸውን አያቆሙም፤ ዝም ማሰኛውን አብረን ብንሠራውስ?

ተናድጄ ነበር፤ ሬሳ ቀብሬ መምጣቴ ነው፣ ይኼ ሰው ሥራ ያዘኛል! በኋላ ግን ሌላ ወንዝ ዳር ሞተር አጥፍቶ የቆመ ሰው እየታየኝ አላስቀምጥ አለኝ። እሺ አልኩት።

እኔ ስልክ ፈትቼ እገጥማለሁ እንጂ ኮድ ጽፌ አላውቅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ስማር፣ ስሳሳት፣ ሲመለስልኝ፣ ስሳደብ ከረምኩ። የጻፍኩት ነገር ሲታይ ትንሽ ናት። ካርታው ላይ መንገዱ የወንዝ ሆድ መሆኑ ከተመዘገበ፣ መኪናው ዳር ሲደርስ መተግበሪያው "ሞተር ያጥፉ፣ ያዳምጡ" ይላል። ከዚያ ሾፌሩ ስክሪኑን እስኪነካ ትንፍሽ አይልም። የቀወትን ወንዞችም ከሾፌሮቹ ጋር እየዞርኩ ካርታው ላይ አንድ በአንድ አስመዘገብኩ።

ከበጎ ፈቃደኞቹ ውስጥ የተቃወሙ ነበሩ። ዝም የሚል መንገድ መሪ የተበላሸ ይመስላል፣ ሰው ይማረርብናል አሉ። ይህን አሁን እናንተ የምታነቡትን ታሪክ አሳጥሬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። ከዚያ አንዷ ተስማማች፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

አዲሱን ቃል ለመቅዳት እዚያው ጎተራ ገባሁ። በሩ ላይ ዶሮ የሚያባርር ሰው የለም። ዶሮዎቹ ጮሁብኝ፣ ደግሜ ቀዳሁ፣ እንደገና ጮሁብኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ጨረስኩት። "ቀጥ ብለው ይሂዱ" የሚለውን ግን አልነካሁትም። ከአባቴ የቀረ ድምፅ ያቺ ሳል ብቻ ናት፤ እንዴት ብዬ ላጥፋት?

አዲሱ መተግበሪያ የወጣ ሰሞን እናቴ "ወንዙ ጋ ውሰጂኝ፣ ሠራሁ የምትይውን ልይ" አለችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም። ባጃጅ ይዘን ሄድን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ወንዙ ደረቅ ነው። ዳር ስንደርስ ስልኩ "ሞተር ያጥፉ፣ ያዳምጡ" አለ። የባጃጁ ሞተር ጠፋ። ስልኩም ዝም አለ።

ቆየን። ከላይ በኩል የሚጮህ የለም። ሩቅ አንድ አህያ ብቻ ተሰማች። እናቴ ስልኩን ትኩር ብላ ታየዋለች።

"አሁን አትናገርም?" አለችኝ።

"አትናገርም እማ። ሰው እንዲያዳምጥ ነው።"

ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች። አሁን ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ ድምፄን ከስልክ ስሰማ አሁንም ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ መናኸሪያ ውስጥም ሬዲዮ የሚለኝ ሰው የለም፣ ወሬ ትቻለሁ። ሥራውን ግን እቀጥላለሁ። እናቴ ያን ቀን ወንዙ ዳር የተናገረችውን ከሰማሁ በኋላ ልተው ብልም አልችልም።

"አባትሽ ቢሆን" አለችኝ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል፣ "እስክትናገሪ ድረስ ወንዙ ውስጥ ሳይገባ እዚሁ ቆሞ ይጠብቅሽ ነበር።"